የፎቶ ሳይትማፕ በእርግጥ ይሠራል? በራሳችሁ ሳይት ላይ ፈትሹት

ከስህተቴ ልጀምር።

እህቴ የሀበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ልብሱን የምታሠራው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ትእዛዙ ግን በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ከዋሽንግተን አካባቢ፣ ከዱባይ፣ አልፎ አልፎም ከቴል አቪቭ። ሳይቱን የሠራሁላት እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ «የፎቶ ሳይትማፕ አስገቡ፣ ከጉግል ምስል ፍለጋ የሚመጣው ሰው ይጨምራል» የሚል ምክር አነበብኩና በአንድ ምሽት የሁሉንም ቀሚስ ፎቶ አስገባሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግራፉ ሽቅብ ወጣ። ደረቴን ነፍቼ ስልኬን አሳየኋት።

«አየሽ?»

«አንተ፣ እንቁጣጣሽ እኮ ደርሷል» አለችኝ፣ ከሥራዋ ቀና እንኳ ሳትል።

እውነቷን ነው። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የቀሚስ ፎቶ የማይፈልግ ማን አለ? ሳይትማፑን ባላስገባም ግራፉ ይወጣ ነበር። መስቀል ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ወረደ፣ ሳይትማፑ እዚያው እያለ። ታዲያ ሠርቷል ወይስ አልሠራም? ያንን ከዚያ ግራፍ ማወቅ አይቻልም፤ ሁሉንም ገጽ በአንዴ ስለነካሁ የማወዳድርበት ነገር አልተረፈኝም። ከዚያ በኋላ በሥርዓቱ ሞከርኩት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በነገራችን ላይ የጉግል ምስል ፍለጋ ራሱ የተወለደው ከቀሚስ ነው። ጄኒፈር ሎፔዝ በ2000 የግራሚ ሽልማት ላይ ያን አረንጓዴ የቬርሳቼ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ሰዉ ጉግልን አጥለቀለቀው። የፈለገው ስለ ቀሚሱ ማንበብ አልነበረም፣ ማየት ነው፤ ጉግል ደግሞ ያኔ የሚሰጠው ሊንክ ብቻ ነበር። በ2001 ምስል ፍለጋን ጀመሩ። ታሪኩን ኋላ ላይ የተናገረው የኩባንያው መሪ የነበረው ኤሪክ ሽሚት ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።) ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ጌጣጌጥ፣ የምግብ አሠራር ላይ የምትሠሩ ከሆነ ምስል ፍለጋ ለእናንተ የጓሮ በር አይደለም።

ሳይትማፑ የሚሠራውና የማይሠራው

ሳይትማፕ ማለት «ሳይቴ ላይ ያሉት ገጾች እነዚህ ናቸው» ብላችሁ ለፍለጋ ሞተሩ የምትሰጡት ዝርዝር ነው። የፎቶው ዓይነት ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ አድራሻ ሥር «እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ፎቶዎች እነዚህ ናቸው» የሚል ተጨማሪ መስመር አለው። ጉግል ይህን መቀበል የጀመረው በ2010 ነው። በአንድ ገጽ ሥር እስከ 1,000 ፎቶ መዘርዘር ይቻላል። አንድ የሳይትማፕ ፋይል እስከ 50,000 የገጽ አድራሻ ይይዛል፣ መጠኑም ሳይጨመቅ ከ50 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። እንደኛ ላለ ትንሽ ሱቅ ይህ ገደብ የሚያሳስብ አይደለም።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ድሮ በፎቶው አድራሻ ላይ የፎቶውን ርዕስ፣ መግለጫ፣ የተነሳበትን ቦታና የፈቃዱን ሁኔታ መጨመር ይቻል ነበር። በ2022 ጉግል አራቱንም ተዋቸው። አሁን የቀረው አድራሻው ብቻ ነው። ስለዚህ መግለጫ በሳይትማፑ ውስጥ ሙሉ የሚላችሁ መመሪያ ካገኛችሁ አሮጌ ነውና እለፉት፤ ጊዜያችሁን ነው የሚበላው።

አድራሻ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሊሠራ የሚችለው ሥራም የአድራሻ ሥራ ነው። ሳይትማፕ ጠቋሚ ነው እንጂ አማላጅ አይደለም። «ይኼ ፎቶ እዚህ አለ» ይላል። «ይኼ ፎቶ ጥሩ ነውና ከላይ አስቀምጡት» ብሎ የሚለምንበት አፍ የለውም። ጉግል ፎቶውን ድሮውኑ አግኝቶት ከነበረ ደግሞ ጥቆማው ምንም አይጨምርም።

ይህን ከያዛችሁ «ሳይትማፑ ይጠቅማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው፣ ጉግል ያላያቸው ፎቶዎች ነበሩኝ ወይ፣ አሁንስ አያቸው ወይ? ሁለተኛው፣ ካያቸው በኋላ ሰው ዘንድ ደረሱ ወይ? ብዙ ሰው አንደኛውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ መጀመሪያውኑ የሚፈተን ነገር አላችሁ?

ሳይታችሁ በዎርድፕሬስ (ሳይት መሥሪያ ፕሮግራም ነው) የተሠራ ከሆነ የፎቶ ሳይትማፕ ሳታውቁት ሊኖራችሁ ይችላል። ዎርድፕሬስ ከ5.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 ወዲህ፣ የራሱን ሳይትማፕ ይሠራል፤ እሱ ውስጥ ግን ፎቶ የለም። እንደ ዮስት ያሉ ፕለጊኖች (ዎርድፕሬስ ላይ የሚገጠሙ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ግን ፎቶዎቹን በራሳቸው ይጨምራሉ። ዮስት ካላችሁ ሳይትማፑን በብራውዘር ስትከፍቱት ከእያንዳንዱ ገጽ አጠገብ የፎቶ ብዛት የሚያሳይ ዓምድ ታያላችሁ። እዚያ ላይ ቁጥር ካለ ሳይትማፑ ቆይቷል ማለት ነው። በእነዚያ ገጾች ላይ የምትፈትኑት ነገር የለም፤ ወይ አዳዲስ ገጾችን ጠብቁ፣ ወይ ጽሑፉን እዚህ ላይ ትታችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

ከሌለ ደግሞ ጉግል ፎቶዎቻችሁን ያለ ሳይትማፕ ማየት ይችል እንደሆነ ፈትሹ። ሰርች ኮንሶል (ሳይታችሁ በጉግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳያችሁ የጉግል መሣሪያ) ውስጥ ከላይ ባለው የፍለጋ ሳጥን የአንድ ገጽ አድራሻ አስገቡና ቀጥታ ሙከራውን አስነሱ። ከዚያ ጉግል ገጹን ከፍቶ ያየውን ኮድ ያሳያችኋል። የፎቶው አድራሻ እዚያ ውስጥ በተለመደው የምስል ታግ (<img>) አለ? ካለ ጉግል ፎቶውን ለማግኘት የእናንተን ጥቆማ አያስፈልገውም። ከሌለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተንሸራታች የፎቶ ጋለሪ ነው፣ ወይም «ተጨማሪ አሳይ» የሚል ቁልፍ ካልተነካ የማይመጣ ፎቶ ነው፣ ወይም ሰው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ በጃቫስክሪፕት የሚጫን ፎቶ ነው። ሳይትማፑ ለውጥ ያመጣል ብላችሁ ተስፋ ማድረግ የምትችሉት በእነዚህ ላይ ነው።

ሌሎች ሁለት እንቅፋቶችን ግን ሳይትማፕ አይፈታቸውም። በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) እንደ ጀርባ ምስል የተቀመጠ ፎቶን ጉግል ወደ ምስል ፍለጋ አያስገባም። የሮቦትስ ፋይላችሁ (robots.txt፣ ፍለጋ ሞተሮች የትኛውን ክፍል መጎብኘት እንደሚችሉ የሚነግረው) የፎቶዎቹን ፎልደር ከዘጋም ጥቆማው ባዶ ነው፤ እንግዳ ጠርቶ በሩን እንደመቆለፍ ነው። እነዚህን መጀመሪያ አስተካክሉ፣ ከዚያ ቢያንስ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። ማስተካከያውንና ሳይትማፑን በአንድ ቀን ካደረጋችሁት የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ቀኑን ምረጡ

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያቃጠለኝ እሱ ነው።

የኛ ገበያ በበዓልና በሠርግ ይነዳል። እንቁጣጣሽና መስቀል አንድ ላይ ይመጣሉ። ታኅሣሥ መጨረሻ ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር ሙሉውን ሠርግ። ከዚያ 55 ቀን የዐቢይ ጾም ይገባል፣ የሠርግ ፎቶ ፍለጋው ይቀዘቅዛል። ፋሲካ ሲፈታ እንደገና መልስ፣ ቅልቅል፣ ካባ፣ ሁሉም በአንዴ ይፈለጋል። ሙከራችሁ ከእነዚህ አንዱን ከተሻገረ በፊትና በኋላ ያለው ንጽጽር ውኃ አያነሳም።

«ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድራለሁ» ካላችሁ ደግሞ ፋሲካ ትሸውዳችኋለች። የኛ ፋሲካ በ2024 የዋለው ሜይ 5 ነው። በ2025 ኤፕሪል 20፣ በ2026 ደግሞ ኤፕሪል 12። ኤፕሪልን ከኤፕሪል ጋር ስታወዳድሩ አንዱ ጾም ነው፣ ሌላው ሠርግ። ሰርች ኮንሶል ይህን አይነግራችሁም፤ እሱ የሚያውቀው የካሊፎርኒያን ቀን አቆጣጠር ብቻ ነው፣ ቀኑ የሚዘጋው እንኳ በዚያ ሰዓት ነው።

ጥሩው ዜና፣ ገጾቻችሁን ለሁለት ቡድን ከፍላችሁ ለአንዱ ብቻ የፎቶ ሳይትማፕ ከሰጣችሁ በዓሉ ሁለቱንም እኩል ይመታል። የሚከተለው ነገር በሙሉ የተሠራው ለዚህ ነው። ቢሆንም ጸጥ ያለ ወቅት ምረጡ፤ ለቀሚስ ለምሳሌ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ያለው ጊዜ ደህና ነው።

ገጾቹን ለሁለት ክፈሉ

የምትከፍሉት ፎቶዎችን አይደለም፣ ገጾችን ነው። ሰርች ኮንሶል የምስል ፍለጋ ቁጥርን የሚመዘግበው ፎቶው በተቀመጠበት ገጽ ስም እንጂ በፎቶው አድራሻ አይደለም። ገጹ ላይ አሥር ፎቶ ቢኖርም የምታገኙት አንድ ድምር ነው።

ሰርች ኮንሶልን ክፈቱና ወደ ፐርፎርማንስ ግቡ፤ የፍለጋውን ዓይነት ከድር ወደ ምስል ቀይሩ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፣ ከዚያ የተራውን ፍለጋ ቁጥር ይዞ ይከራከራል። ያለፉትን 8 ሳምንታት ምረጡ፣ የገጾቹን ዝርዝር ወደ ኤክሴል አውርዱ። በአንድ ጊዜ የሚወርደው 1,000 መስመር ነው፤ ለኛ ዓይነት ሱቅ ይበቃል።

አሁን ተመሳሳይ ገጾችን ብቻ አስቀሩ። የቀሚስ ገጽን ከቀሚስ ገጽ ጋር፤ የመጀመሪያውን ገጽ፣ «ስለ እኛ»ን፣ የብሎግ ጽሑፎችን አውጡ። የቀሩትን በዕይታ (ኢምፕሬሽን፣ በፍለጋ ውጤት ላይ የታዩበት ጊዜ) ብዛት ከላይ ወደ ታች ደርድሩና ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው፣ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሦስተኛውን ከአራተኛው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሳንቲም ወርውሩ። ዘውድ ወይስ ጎፈር? ዘውድ ከወጣ የላይኛው ቡድን «ሀ» ይገባል፣ የታችኛው «ለ»። ጎፈር ከወጣ ተገላቢጦሽ። ቀልድ አይደለም። በእጃችሁ ከመረጣችሁ ሳታስቡት ቆንጆ ቆንጆዎቹን ቀሚሶች ወደምትወዱት ቡድን ትወስዳላችሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ተመሳሳይ ፎቶ በሁለቱም ቡድን ገጾች ላይ ካለ ቡድኖቹ ተቀላቀሉ። እኛ ጋ የነጠላ አጣጣፍ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ነበር፤ እህቴ ስለምትወደው ከሞላ ጎደል ሁሉም ገጽ ላይ ለጥፋዋለች። እንዲህ ያለውን ፎቶ ከሳይትማፑ ተዉት። ሎጎና የክፍያ ምልክቶችንም እንዲሁ።

ስንት ገጽ ይበቃል? ሃያ ገጽ ያለው ሰው ቢሞክርም የሚያገኘው ጫጫታ ነው። በየቡድኑ ቢያንስ ሃምሳ ገጽ ገደማ ቢኖር እመርጣለሁ፤ ያ የኔ የልምድ ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ሁለቱን ሳይትማፖች መሥራት

ሁለት ፋይል ሥሩ። የ«ሀ» ፋይል የገጾቹን አድራሻና በየገጹ ሥር የፎቶዎቹን አድራሻ ይይዛል። የ«ለ» ፋይል የገጾቹን አድራሻ ብቻ። ልብ በሉ፣ «ለ»ም ሳይትማፕ ውስጥ አለ! ብዙ ሰው «ለ»ን ጨርሶ ከሳይትማፕ ያወጣዋል። ያኔ እየፈተነ ያለው የፎቶ ሳይትማፕን ሳይሆን ሳይትማፕን በጠቅላላው ነው። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት የፎቶ መስመሮቹ ብቻ መሆን አለባቸው። የመጨረሻ ለውጥ ቀን የምታስገቡ ከሆነ ለሁለቱም አስገቡ፣ እውነተኛውን ቀን። ጉግል ይህን ቀን የሚያምነው እውነት ሆኖ ሲያገኘው ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠውን ቁጥርና የለውጥ ድግግሞሹን ግን ከነጭራሹ አያያቸውም፣ አትልፉ።

ፕለጊናችሁ የሚሠራው ሳይትማፕ ለሁለቱም ቡድን ፎቶ እንዳይጨምር ዝጉት። ካልዘጋችሁት ሙከራው ሳይጀመር ሞተ።

ፋይሉን በእጅ የምትጽፉ ከሆነ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

የፎቶው አድራሻ ገጹ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ዎርድፕሬስ አንድን ፎቶ በተለያየ መጠን ይቆርጠዋል፤ ከ2,560 ፒክስል የሚበልጠውን ደግሞ አሳንሶ ስሙ ላይ ቅጥያ ይጨምርበታል። ገጹ ላይ ያለው አንዱ፣ ሳይትማፑ ላይ የጻፋችሁት ሌላው ከሆነ ገጹ የማያሳየውን ፎቶ እየጠቆማችሁ ነው።

የፋይል ስም በአማርኛ የሰጣችሁ ደግሞ፣ «ነጭ የመነን ቀሚስ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት፣ አድራሻው ወደ ፐርሰንት ምልክትና ቁጥር ተቀይሮ ነው መግባት ያለበት። አንድ የግዕዝ ፊደል በዚህ አጻጻፍ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። ያስፈራል እንጂ ይሠራል። ከብራውዘሩ የአድራሻ ሳጥን ኮፒ ስታደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ተቀይሮ ይመጣል። አድራሻው ውስጥ ያለ የ«እና» ምልክትም (&) እንዳለ ከገባ ፋይሉን ሊያበላሽ ይችላል፣ በኤክስኤምኤል (ሳይትማፑ በሚጻፍበት ቋንቋ) አጻጻፉ፣ & ተብሎ ይግባ።

ፎቶዎቹ በሌላ ዶሜይን ከተቀመጡ፣ ለምሳሌ ሲዲኤን (ፎቶዎቻችሁን ከሌሎች ሰርቨሮች ለጎብኚው የሚያቀርብ አገልግሎት) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ችግር የለም፤ ጉግል ለፎቶ አድራሻ ይህን ይፈቅዳል። የምትችሉ ከሆነ ያንን ዶሜይንም ሰርች ኮንሶል ላይ አረጋግጡት፣ ስህተት ሲኖር የሚነገራችሁ ያኔ ነው።

ሁለቱንም ፋይሎች ሰርች ኮንሶል ላይ አስገቡ፣ በሮቦትስ ፋይሉም ላይ መስመራቸውን ጨምሩ። ሳይትማፕ በተቀየረ ቁጥር ለጉግል «ፒንግ» ማድረግ የሚባለውን ነገር የሚነግራችሁ ካለ፣ ጉግል በ2023 ማብቃቱን አሳውቋል።

እጃችሁን ሰብስቡ

አሁን ከባዱ ክፍል መጣ፣ ምንም አለማድረግ። ስምንት ሳምንት። ጉግል ፎቶን የሚጎበኘው ከገጽ ባነሰ ድግግሞሽ ነው፤ በአሥር ቀን ውጤት የምትጠብቁ ከሆነ አትጀምሩት።

በዚህ ጊዜ የፎቶ መግለጫ አትቀይሩ። ፎቶዎቹን ወደ ዌብፒ (ሌላ የፎቶ ፋይል ዓይነት) አትለውጡ። የሳይታችሁን ቲም (መልኩን የሚወስነውን) አታድሱ። ቲክቶክ ላይ አንዱ ቀሚስ ከፈነዳ ቀኑንና የገጹን ስም ጻፉ፣ ያንን ጥንድ በኋላ ታወጡታላችሁ። ሆስቲንጉ (ሳይቱ የተቀመጠበት አገልግሎት) ለሁለት ቀን ጠፍቶ ከነበረም ጻፉት። እኔ ተራ ደብተር ነው የያዝኩት፤ እህቴ አዲስ ቀሚስ በለጠፈች ቁጥር እንድትነግረኝ ለምኛት ነበር፣ ግማሹን ጊዜ ትረሳለች፣ ከሳይቱ ላይ አይቼ እጽፋለሁ። አዳዲስ ገጾች ወደ የትኛውም ቡድን አይገቡም።

መጀመሪያ ጉግል መምጣቱን እዩ

ዕይታና ክሊክ ከመቁጠራችሁ በፊት የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሱ። ጉግል ለፎቶ የሚልከው የራሱ ጎብኚ አለው፣ ጉግልቦት ኢሜጅ (Googlebot-Image) ይባላል። በሰርቨራችሁ ሎግ (ማን፣ መቼ፣ ምን እንደከፈተ የሚመዘግበው ፋይል) ውስጥ በዚህ ስም ይገባል። ሆስቲንጋችሁ ሲፓነል (የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ) ካለው ሮው አክሰስ የሚል ክፍል ውስጥ ሎጉን ማውረድ ትችላላችሁ። ፋይሉን ክፈቱና ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉ፤ የትኞቹን ፎቶዎች እንደጎበኘ፣ መቼ እንደጎበኘ ይታያችኋል። ከ«ሀ» ቡድን ፎቶዎች ስንቱን ከሳይትማፑ በፊት ጎብኝቷል፣ ስንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳይትማፑ በኋላ? ለ«ለ»ስ?

ይህ ቁጥር ለኔ ከሁሉም የበለጠ ዋጋ አለው። ወቅት ብዙም አይነካውም። ጉግልቦት እንደ ሰው እንቁጣጣሽ ደረሰ ብሎ ፎቶ ፍለጋ አይነሳም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፎቶዎቻችሁ በክላውድፍሌር ወይም በሌላ ሲዲኤን በኩል የሚቀርቡ ከሆነ ጎብኚው እናንተ ሰርቨር ድረስ ላይመጣ ይችላል፣ ሎጉም ባዶ ይመስላል። ሁለተኛው፣ የጉግልን ስም ለብሶ የሚመጣ አስመሳይ አለ። ጉግል የእውነተኞቹን ጎብኚዎች የአይፒ ዝርዝር በይፋ ስለሚያወጣ ከዚያ ጋር አመሳክሩ።

ሎግ ማግኘት የማትችሉ ደግሞ ሰርች ኮንሶል ውስጥ በሴቲንግስ ሥር ክሮውል ስታትስ የሚባል ሪፖርት አለ። ጎብኚውን በዓይነት ይከፍለዋል፣ የምስሉን ለብቻ ታያላችሁ። ሙሉውን ዝርዝር ሳይሆን ናሙና ስለሚያሳይ ለቡድን ንጽጽር አይበቃም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ሂሳቡ

ስምንቱ ሳምንት አለፈ። ሰርች ኮንሶል ለሁለት ሦስት ቀን ወደኋላ ስለሚቀር ትንሽ ጠብቁና ያንኑ ሪፖርት እንደገና አውርዱ፤ በየሳምንቱ ለያይታችሁ። ከእያንዳንዱ ገጽ አጠገብ «ሀ» ወይም «ለ» ጻፉና ደምሩ።

ከየትኛው ቁጥር ልጀምር? ትንሽ ሳይት ከሆናችሁ ክሊክን ተዉት፣ በጣም ያንሳል፤ ለዚያውም በምስል ፍለጋ ውስጥ ሰው ፎቶውን አስፍቶ ስላየ ብቻ ክሊክ አይቆጠርም፣ ወደ ገጻችሁ መግባት አለበት። አማካይ ደረጃንም እለፉት፤ ምስሎች ከግራ ወደ ቀኝ በረድፍ ስለሚደረደሩ ቁጥሩ ከተራው ፍለጋ ጋር አይመሳሰልም፣ የስክሪኑ ስፋትም ይለያያል። ዕይታን ውሰዱ። ከዕይታም በፊት ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ቁጠሩ፦ በየቡድኑ ስንት ገጽ ቢያንስ አንድ ጊዜ በምስል ፍለጋ ታየ? አንድ በቲክቶክ የፈነዳ ቀሚስ የዕይታ ድምሩን ብቻውን ሊያጣምመው ይችላል፣ ይህን ቁጥር ግን ከአንድ በላይ አያንቀሳቅሰውም።

እንበል «ሀ» በፊት 4,000 ዕይታ ነበረው፣ በኋላ 5,200 ሆነ። 30 በመቶ ጨመረ! አትጨፍሩ። «ለ»ን እዩ። ከ3,600 ወደ 4,500 ሄዷል እንበል፣ 25 በመቶ። ያንን 25 በመቶ የፎቶ ሳይትማፕ አላመጣውም፤ ወቅቱ፣ ገበያው፣ ጉግል ራሱ ነው። ለሳይትማፑ ልትሰጡት የምትችሉት የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። 1.30ን ለ1.25 ስታካፍሉ 1.04 ይመጣል፣ 4 በመቶ ገደማ።

4 በመቶ ውጤት ነው ወይስ ጫጫታ? ለዚህ ስታትስቲክስ መማር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ሳምንት የ«ሀ»ን ዕይታ ለ«ለ» አካፍሉት። 16 ቁጥር ታገኛላችሁ፣ 8 የፊት፣ 8 የኋላ። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሯቸውና የኋላዎቹን ቀለም ቀቧቸው። ቀለም የተቀቡት ከሞላ ጎደል በሙሉ ከላይ ከተሰበሰቡ የሆነ ነገር ተፈጥሯል። እንደ ቆሎና ሽምብራ ከተደባለቁ ግን አልተፈጠረም፣ ወይም ይህ ሙከራ ሊያየው የማይችለው ትንሽ ነገር ነው።

የፍለጋ ቃላቱን ማየት የምትወዱ፣ እዩ፣ ደስ ይላል፤ «ሀበሻ»ን ሰው በሀ፣ በሐ፣ በሃ ይጽፈዋል፣ ግማሹ ደግሞ በላቲን ፊደል። ለሂሳቡ ግን አትጠቀሙበት። ሰርች ኮንሶል ጥቂት ሰው ብቻ የፈለጋቸውን ቃላት ስለሚደብቅ በቃል ስታጣሩ ድምሩ ይጎድላል።

እኛ ጋ ምን ሆነ

በተራ የቀሚስ ገጾች ላይ፣ ፎቶው በተለመደው ታግ በተቀመጠበት፣ ቀለሞቹ ተደባለቁ። ምንም። ጉግል እነዚያን ፎቶዎች ድሮውኑ ያውቃቸው ነበር፣ ሎጉም ይህንኑ ነው የሚለው። ለየት ያለው ነገር የታየው የጥልፍ ዝርዝሮችን በተንሸራታች ጋለሪ በምናሳይባቸው ጥቂት ገጾች ላይ ነው። ጉግልቦት ኢሜጅ ከዚያ በፊት ነክቷቸው የማያውቃቸውን ፎቶዎች መጎብኘት ጀመረ። ዕይታቸውም ተከተለ፣ ቁጥሩ ትንሽ ስለነበረ ግን በዚያ ላይ ብዙ አልምልም። የናንተ ሳይት የናንተ ነው፤ የኔን ውጤት ወስዳችሁ ሙከራውን እንዳትዘሉት።

አንዳንዱ «እንግዲያው ለማረጋገጥ ፎቶዎቹን ከ«ሀ» አውጥቼ ቁጥሩ ሲወርድ ልይ» ይላል። አይሠራም። ጉግል አንዴ ያወቀውን ፎቶ ከሳይትማፕ ስላወጣችሁት ብቻ አይረሳውም። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ወደፊት ሂዱ፤ አሁን ለ«ለ» ፎቶዎቹን ጨምሩለትና ሌላ ስምንት ሳምንት ጠብቁ። «ለ» «ሀ»ን ከደረሰበት የመጀመሪያው ውጤት አጋጣሚ አልነበረም።

ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ፕለጊን በራሱ የሚሠራላችሁ ከሆነ የፎቶ ሳይትማፑን ክፍት ተዉት፣ ወጪ የለውም። በእጅ የምትጽፉት ከሆነና ቀለሞቹ ከተደባለቁ ግን ተዉት፤ ያንን ሰዓት ለፎቶ መግለጫና ከፎቶው አጠገብ ለሚቀመጥ ጽሑፍ ስጡት። «አይኤምጂ 4471» የሚል ስም ያለው ፎቶ፣ አጠገቡ ዋጋ ብቻ የተጻፈበት፣ ሺህ ሳይትማፕ ቢጠቁመው ጉግል ቀሚሱ የመልስ ይሁን የጥምቀት በምን ይወቅ?

ስትጨርሱ ሁለቱን የሙከራ ፋይሎች ከሰርች ኮንሶልም ከሮቦትስ ፋይሉም አውጡና የፕለጊኑን ሳይትማፕ መልሱ። እኔ ረስቼ ለወራት ትቼያቸው ነበር፤ በኋላ እህቴ የሰረዘቻቸው ቀሚሶች ገጽ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰርች ኮንሶል በየሳምንቱ «አልተገኘም» እያለ ይጮህብኝ ነበር።